75ቱ ሰዓት ካለቀ በኋላ

ቢስሚላሂ አር-ረሕማኒ አር-ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ የተገባ ነው። የአላህ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሶሓቦቻቸውና የእነሱን ፈለግ በተከተሉ ሁሉ ላይ ይሁን።



በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩት፣ ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ወረቀት ይዘው ጫማ መደርደሪያው አጠገብ የሚጠብቁኝ ልጆች ይበዛሉ። ወረቀቱን ታውቁታላችሁ። የሜሪላንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪ ሐይ ስኩል ለመጨረስ የሚያስፈልገው የ75 ሰዓት የበጎ አገልግሎት ማስመዝገቢያ ነው። ሜሪላንድ ይህን ግዴታ በ1992 ስትወስን ከአሜሪካ ግዛቶች የመጀመሪያዋ ነበረች። ዲሲ የምትማሩት ደግሞ 100 ሰዓት ይጠበቅባችኋል።

ባለፈው ዓመት አንድ ልጅ ወረቀቱን ካስፈረመኝ በኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ ተመለሰና፣ «ኡስታዝ፣ 75ቱን ጨርሻለሁ። ከዚህ በኋላ ግዴታ የለብኝም አይደል?» አለኝ። «በወረቀቱ በኩል የለብህም» አልኩት። ደስ ብሎት ሄደ። እኔ ግን ያን ቀን እስከ ዐስር ሶላት ድረስ ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። የመለስኩለት ስህተት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። ይህ ጽሑፍ ያን ቀን ሳልነግረው የቀረው የመልሴ ክፍል ነው። አማርኛ ማንበብ የሚከብዳችሁ ካላችሁ እናታችሁን ወይም አባታችሁን ጮክ ብለው እንዲያነቡላችሁ ጠይቁ። ለእነሱም የሚሆን ነገር መሐል ላይ አስቀምጫለሁ።

በመጀመሪያ አንድ ጥርጣሬ ላንሳና ልለፈው። «ለወረቀት ብዬ የሠራሁት ሥራ አጅር አለው ወይ?» የሚሉ አሉ። ሥራ ሁሉ በኒያው እንደሚመዘን ሁላችሁም ከልጅነታችሁ ጀምሮ ሰምታችኋል። ትምህርት ቤቱ ስላዘዘህ ብቻ ከሄድክ ያገኘኸው የሄድክበትን ነው፤ ወረቀቱን። ነገር ግን ያንኑ ሰዓት፣ ያንኑ ሥራ፣ ከቤት ስትወጣ ለአላህ ብለህ ብትነሳ ማን ከለከለህ? ወረቀቱ ኃጢአት አይደለም። በር ነው። የሚያሳዝነው በበሩ ገብቶ ወዲያው መውጣቱ ነው።

አሁን ወደ ቁርኣን እንሂድ። ሱረቱል ቀሶስን ክፈቱና ከ22ኛው አንቀጽ ጀምራችሁ አንብቡ። ነቢዩላህ ሙሳ (ዐ.ሰ.) መድየን ሲደርሱ በምን ሁኔታ ላይ እንደነበሩ አስቡ። ከግብፅ ሸሽተው የወጡ፣ የሚፈለጉ ሰው ናቸው። ዘመድ የላቸውም፤ የአገሩ ሰው አያውቃቸውም፤ ማደሪያቸውን አያውቁም። በዛሬው አነጋገር ወረቀት የሌለው ስደተኛ እንላቸው ነበር። የውኃው ጉድጓድ ዘንድ ሲደርሱ ብዙ ሰዎች ከብቶቻቸውን ያጠጣሉ። ከሰዎቹ ወዲያ፣ ራቅ ብለው፣ በጎቻቸውን ወደ ውኃው እንዳይሄዱ የሚከለክሉ ሁለት ሴቶች ቆመዋል። ሙሳ አዩአቸው። ቀረብ ብለውም ነገራቸው ምን እንደሆነ ጠየቋቸው። እረኞቹ አጠጥተው እስኪሄዱ እንደሚጠብቁ፣ አባታቸውም በጣም ያረጀ ሽማግሌ እንደሆነ ነገሯቸው። አጠጡላቸው። ከዚያም ወደ ጥላው ዞር ብለው፣ ከጌታቸው ለሚወርድላቸው ማንኛውም መልካም ነገር ፈላጊ መሆናቸውን ለአላህ ብቻ ነገሩ።

ይህን ታሪክ ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስለ ሐያእ ወይም ስለ ጋብቻ ሲወራ ነው። እኔ ግን የምወደው ሌላ ነገሩን ነው። በመድየን ውኃ አልጠፋም። ጉድጓዱ አለ፤ ውኃው አለ፤ ሰዉም እየቀዳ ነው። ችግሩ ውኃው ዘንድ መድረስ ያልቻሉ ሰዎች ከኋላ መቆማቸው ነው። በዚያ ሁሉ ግርግር መሐል ወደ ኋላ ዞሮ ያየ አንድ ሰው ብቻ ነበር። እሱም በአገሩ እንግዳ የሆነው።

እናንተ የምትኖሩበት አገር ውኃው ብዙ ነው። ነፃ የምግብ እደላ አለ፤ ነፃ የአስተርጓሚ አገልግሎት አለ፤ ነፃ የግብር ማሠሪያ አለ፤ ቤተ መጻሕፍቱ እንግሊዝኛ በነፃ ያስተምራል። ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ አሌክሳንድሪያ ብትሄዱ ይህ ሁሉ በአውቶቡስ ከሚደረስበት ርቀት አይበልጥም። ከኋላ የቆሙት ግን አሉ። እነሱን ወደ ውኃው ማድረስ ከማንም ይልቅ ለእናንተ ይቀላል፤ ሁለቱንም ቋንቋ የያዛችሁት እናንተ ናችሁና።

እነማን ናቸው? ከራሳችን ሰፈር እንጀምር። ልጆቻቸው ከኢትዮጵያ ያመጧቸው እናቶች በየአፓርትመንቱ አሉ። ልጅ ጠዋት አንድ ሥራ፣ ማታ ሌላ ሺፍት ይሠራል፤ የልጅ ልጅ ትምህርት ቤት ነው። እናት ከፈጅር እስከ መግሪብ ከአራት ግድግዳ ጋር ይውላሉ። ደሴ ወይም ጅማ እያሉ በቀን ሦስት ጊዜ ቡና የሚጠራሩ፣ የታመመ የሚጠይቁ፣ ለቅሶ የማይቀሩ ሰው ነበሩ። እዚህ ሊፍቱን ብቻቸውን ለመጫን ይፈራሉ። እነዚህ እናቶች እርዳታ የሚጠይቁበት ቢሮ የለም። «ደህና ነኝ፣ አልሐምዱሊላህ» ነው የሚሉት። ምንጊዜም።

እንግዲህ ከሙሳ ታሪክ ውስጥ ብዙዎቻችን የምንዘለው ቃል እዚህ ጋ ይመጣል። ሙሳ ከማጠጣታቸው በፊት ጠየቁ። ጠንካራ ሰው ነበሩ፤ ሳይጠይቁ በጎቹን ነድተው ማጠጣት ይችሉ ነበር። ግን ነገራችሁ ምንድን ነው አሉ። እኔ ይህን የተማርኩት ተሳስቼ ነው። አንድ ረመዷን ላይ ለብቻቸው ለሚውሉ አንዲት እናት ምግብ በካርቶን ይዘን ሄድን። መርቀው ተቀበሉን። ማቀዝቀዣውን ስንከፍተው ግን ማስቀመጫ ቦታ አልነበረውም፤ ልጃቸው ሞልቶት ነው የሚወጣው። ልንወጣ በሩ ላይ ስንደርስ፣ አፍረው፣ የልጃቸውን ስልክ ቁጥር በትልቁ ወረቀት ላይ ጽፈን ግድግዳው ላይ እንድንለጥፍላቸው ጠየቁ። መነጽራቸው ስለማይረዳቸው ስልኩ ላይ ያለው ፊደል አይታያቸውም ነበር። ሦስት ሆነን፣ በሁለት መኪና፣ ሩዝ ተሸክመን መጣን፤ የሚያስፈልጋቸው አንድ ማርከርና ሁለት ደቂቃ ነበር። ሱረቱል ማዑን ሶላት እየሰገዱ ጥቃቅኑን ነገር የሚነፍጉ ሰዎችን እንዴት እንደሚወቅስ አስታወሰኝ። እኛ አልነፈግንም፤ ግን ጥቃቅኑን አላየነውም።

ስለዚህ «ምን ፕሮጀክት እንጀምር?» ብላችሁ ከመሰብሰባችሁ በፊት ሂዱና ጠይቁ። የምታገኙት መልስ ብዙ ጊዜ ያነሰ፣ የተለየ፣ ፎቶ የማይወጣለት ነገር ነው። አውቶቡስ እንዴት እንደሚያዝ አብሮ መሳፈር። የመጣ ደብዳቤ ማስታወቂያ ይሁን የእውነት ሒሳብ መለየት። የበረዶ ቀን ደጅ መጥረግ። ከልጃቸው ጋር ተነጋግራችሁ ቅዳሜ ወደ መስጂድ ይዛችኋቸው መምጣት።

ቋንቋን ካነሳሁ ዘይድ ኢብን ሣቢትን (ረ.ዐ.) ላስታውሳችሁ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ወደ መዲና ሲመጡ ገና የ11 ዓመት ልጅ ነበር። ብልህነቱን ሲያዩ የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር አዘዙት፤ የሚላክላቸውን ደብዳቤ የሚያነብላቸው፣ መልሱንም የሚጽፍላቸው ታማኝ ሰው ፈልገው ነው። በግማሽ ወር ገደማ ውስጥ እንደተማረው ራሱ ተናግሯል። እናንተ ደግሞ ግማሽ ወር እንኳ አልፈጀባችሁም፤ አላህ ሁለቱን ቋንቋ አፋችሁ ላይ አስቀምጦ ነው ያሳደጋችሁ። አንዳንዶቻችሁ ገና በስምንት ዓመታችሁ ለእናታችሁ ስልክ ላይ ስታስተረጉሙ፣ ባንክ ቤት ወንበር ላይ ቆማችሁ ስትናገሩ ነው ያደጋችሁት። አንዳንዴ አሰልቺ፣ አንዳንዴም አሳፋሪ እንደነበር አውቃለሁ። ያ ግን ማንም ያልመዘገበው፣ አላህ ግን ያልረሳው አገልግሎት ነው።

ሆኖም አማናውን እወቁ። ሐኪም ቤት ለታመመ ሰው ማስተርጎም ሌላ ነገር ነው። የፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበሉ ሆስፒታሎችና ክሊኒኮች እንግሊዝኛ ለማይችል ታካሚ ብቁ አስተርጓሚ በነፃ ማቅረብ አለባቸው። ደንቡ ለሕይወት ከሚያሰጋ ድንገተኛ ሁኔታ በስተቀር ልጆችን እንዲያስተረጉሙ ማድረግን ይከለክላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ የመድኃኒት መጠን አንዲት ቃል ብትስቱ ሰው ይጎዳል፤ አንዲት እናት ደግሞ የማሕፀን ሕመማቸውን በ14 ዓመት ልጅ አፍ ለመናገር አፍረው ዝም ይላሉ። የእናንተ ሥራ ይህ መብት መኖሩን መንገር፣ ቀጠሮው ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ ይፈልጋሉ» ብሎ ማስመዝገብ፣ በዕለቱም አብሮ ሄዶ መቀመጥ ነው። ይኸው ነው ሰውን ወደ ውኃው ማድረስ።

ዜግነት ለማግኘት የሚዘጋጁ አባቶችና እናቶችም እንዲሁ ናቸው። በዕድሜያቸው 50 ዓመት ሆኗቸው በቋሚ ነዋሪነት 20 ዓመት የቆዩ፣ ወይም 55 ሆኗቸው 15 ዓመት የቆዩ ሰዎች ከእንግሊዝኛው ፈተና ነፃ ናቸው፤ የታሪክና የመንግሥት ጥያቄውን በራሳቸው ቋንቋ መመለስ ይችላሉ። ይህን ሳያውቁ «እንግሊዝኛ አልችልም» ብለው ዓመታት የተቀመጡ አሉ። ጥያቄዎቹን በየሳምንቱ አንድ ሰዓት አብሮ ማጥናት የማንኛችሁም አቅም ነው። ማመልከቻውን መሙላትና ምክር መስጠት ግን ለጠበቃ ወይም ፈቃድ ላለው ተወካይ ተዉት። ሳያውቁ የሚሠራ በጎ ሥራ ሰው ሊያስባርር ይችላል።

ኮሌጅ የገባችሁ፣ በተለይ ሒሳብ የምታጠኑ፣ ቪታ የሚባለውን ፕሮግራም ፈልጉ። ገቢያቸው አነስተኛ ለሆነና እንግሊዝኛ ለሚከብዳቸው ሰዎች ግብር በነፃ የሚሠራበት ነው። በጎ ፈቃደኞቹን አይ.አር.ኤስ አሠልጥኖ፣ ፈትኖ ነው የሚያሰማራቸው። ለአንድ ቀላል ቅጽ ብዙ ገንዘብ የሚከፍሉ ወገኖቻችን ስንት ናቸው! የኡበር ሹፌሮች ሒሳብ አንዳንዱ ከፕሮግራሙ ወሰን ያልፋል፤ የብዙ ሰው ግን አያልፍም። ፈተናውን ማለፍ የማትፈልጉም በአስተርጓሚነትና በተቀባይነት መግባት ትችላላችሁ።

ወደ መስጂዳችን ልመለስ። የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች ደንብ ሃይማኖታዊ ሥራን ለ75ቱ ሰዓት አይቆጥርም። ምንጣፍ ስትጠርግ ብትውል፣ ሕፃናትን ቁርኣን ብታስቀራ፣ ወረቀቱ ላይ አይሰፍርም። ደንባቸው ነው፤ አልቀየምበትም። እንዲያውም አንድ ነገር ያስታውሰኛል። በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ዘመን መስጂዱን የምትጠርግ አንዲት ጥቁር ሴት ነበረች። ጠፋችባቸውና ጠየቁ። ሞተች አሏቸው። ሶሓቦቹ ጉዳይዋን ትንሽ አድርገው አይተውት፣ ሳይነግሯቸው ነበር የቀበሯት። ለምን አልነገራችሁኝም ብለው ወቀሱ፤ መቃብሯን እንዲያሳዩአቸው ጠይቀው ሄደው ሰገዱባት። ይህን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። የጠረገችውን የመዘገበላት ሰው አልነበረም። የአላህ መልእክተኛ ግን አለመኖሯን አስተዋሉ።

በመስጂዱ ሥራ ውስጥ በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ፤ ጀናዛ ነው። በእኛ ማኅበረሰብ ውስጥ ሬሳ ማጠብና መከፈን የሚያውቁት ጥቂት ናቸው፤ እነሱም እያረጁ ነው። ሰው ሲሞት ስልክ የሚደወለው ለእነዚያው አራት አምስት ሰዎች ነው። አንዱ ጉልበቱን ታሟል፤ ሌላው ሌሊት ታክሲ ነድቶ ሳይተኛ ይመጣል። ወንድን ወንዶች፣ ሴትን ሴቶች ያጥባሉና እህቶች ዘንድ ጉድለቱ የባሰ ነው። ለጀናዛ የሰገደ አንድ ቂራጥ፣ እስኪቀበር የተከተለ ሁለት ቂራጥ እንደሚያገኝና ቂራጡ እንደ ኡሑድ ተራራ እንደሆነ ተምረናል። ዐብደላህ ኢብን ዑመር (ረ.ዐ.) ይህን ሲሰሙ ስንት ቂራጥ አምልጦናል ብለው ነበር የተቆጩት። እኛስ?

እህቶቼ፣ ኡሙ ዐጢያን (ረ.ዐ.) እወቋት። በዘመቻዎች ላይ ቁስለኛ የምታክም፣ በሽተኛ የምትንከባከብ ሴት ነበረች። የነቢዩ ልጅ ስትሞት እንዴት እንደምትታጠብ የተነገራት እሷ ናት፤ በውኃና በሲድር፣ በጎዶሎ ቁጥር ደጋግመው፣ በመጨረሻውም ካፉር ጨምረው። ዛሬ ሬሳ ማጠብን የምንማረው ከእሷ ሐዲስ ነው። አንዲት ሴት ሥራውን ተማረች፣ በትክክል አስተላለፈች፤ ስንት ትውልድ በእሷ ትምህርት ታጠበ። መጀመሪያ እጃችሁ ይንቀጠቀጣል። ምንም አይደለም። ውኃ ለማቀበል ግቡ፤ ቆማችሁ ተመልከቱ፤ ሁለተኛው ላይ ይቀላችኋል።

ወላጆቻችሁ ከወሎ ከሆኑ ቅሬ ምን እንደሆነ ጠይቋቸው። ሰው ሲሞት የሰፈሩ ሰው፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ ተጠራርቶ የሚቆፍርበት፣ በቃሬዛ እየተቀባበለ የሚሸከምበት፣ ለቀስተኛ የሚመግብበት ደንብ ነው። ወጣት «በጎ ፈቃደኛ» ተብሎ አይመዘገብም፤ ወጣት ስለሆነ ይጠራል። በሰፈሩም እንዲሁ ነበር። አንዲት አሮጊት በር ላይ ቆመው ያገኙትን ልጅ «ና እስቲ» ብለው ይልኩታል። የማን ልጅ እንደሆነ እንኳ አይጠይቁም። ሲመለስ «እደግ፣ ተመንደግ» ይባላል። የዚያ ዘመን ፊርማ ምርቃት ነበር። እዚህ አገር ማንም ማንንም አይልክም። የሚልካችሁ የለምና ራሳችሁን መላክ ይጠበቅባችኋል።

እዚህ ላይ አባቶችና እናቶች፣ ቃል የገባሁላችሁ። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ.) በአሥር ዓመቱ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ማገልገል ጀምሮ አሥር ዓመት አገልግሏል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን «ኡፍ» እንዳላሉት፣ ለሠራው ለምን ሠራህ፣ ላልሠራው ለምን አልሠራህም እንዳላሉት ተናግሯል። እኛስ? ልጁ ወንበር ሲደረድር ረድፉ ጠመመ ብለን በሰው ፊት እንቆጣዋለን። ከዚያ ወጣቱ መስጂድ አይመጣም ብለን እናማርራለን። ለአሥር ዓመት ወንበር ማጠፍና የመኪና ማቆሚያ ማስተናገድ ብቻ የሰጠነው ልጅ በ22 ዓመቱ ቢጠፋ ምን ይገርማል? የማዕድ ቤቱን ቁልፍ ስጡት። የዒዱን ምግብ ዝግጅት ከነበጀቱ ስጧት። ያበላሻሉ? አዎ፣ አንድ ሁለት ጊዜ ያበላሻሉ። እኛም አበላሽተናል።

አሁን ከመስጂዱ ግቢ እንውጣ። ከአጥሩ ወዲያ ያለው ጎረቤት ስለ እኛ የሚያውቀው ምንድን ነው? በእውነት እንናገር ከተባለ፣ ብዙ ቦታ ጁሙዓ ቀን መንገዱ ላይ የምናቆመውን መኪና ነው። ዐብደላህ ኢብን ዐምር (ረ.ዐ.) ቤት በግ ሲታረድ፣ ለአይሁዱ ጎረቤታችን ሰጣችሁ ወይ ብለው ደጋግመው እንደጠየቁ ተዘግቧል፤ ጅብሪል ስለ ጎረቤት ለነቢዩ እንዴት አጥብቆ ይመክራቸው እንደነበር ሰምተው ነበርና። ነቢዩ ራሳቸው ገና ነቢይ ሳይሆኑ፣ በ20 ዓመታቸው ገደማ፣ ሒልፈል ፉዱል የተባለው ቃል ኪዳን ላይ ተገኝተዋል። ከየመን የመጣ አንድ ነጋዴ መካ ውስጥ ዕቃውን ሸጦ ገንዘቡን ተከልክሎ፣ ወገን አጥቶ ነበር የጮኸው። የቁረይሽ ሰዎች በዐብደላህ ኢብን ጁድዓን ቤት ተሰብስበው፣ የተበደለ ሁሉ መብቱን እስኪያገኝ አብረው ሊቆሙ ተማማሉ። ቤቱ የሙስሊም አልነበረም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ከነቢይነት በኋላም፣ በኢስላም ውስጥ ሆኜ ለእንዲህ ያለው ብጠራ እሄዳለሁ የሚል ትርጉም ያለው ነገር ተናግረዋል።

ስለዚህ ከመስጂድ ውጪ ያለ በጎ ሥራ «የእነሱ» አይደለም። የሞንትጎመሪ ካውንቲ የበጎ ፈቃደኞች ማዕከል አለው፤ በየሰፈሩ የሚፈለገውን ሥራ እዚያ ታገኛላችሁ። ካፒታል ኤሪያ ፉድ ባንክ ለዲሲና በዙሪያው ላሉ ካውንቲዎች ምግብ የሚያደርስ ነው፤ ካርቶን የሚያሽግ እጅ ሁልጊዜ ይፈልጋል። የምግብ እደላ ሰልፍ ላይ ስትቆሙ ጆሯችሁን ስጡ፤ ከሰልፉ ውስጥ አማርኛ፣ ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ዐረብኛ ትሰማላችሁ። ያቺ ሻሽ ያሰረች እናት የቆርቆሮው ሥጋ የምን ሥጋ እንደሆነ ማንበብ አቅቷት ትታው ልትሄድ ነው። እንግሊዝኛ ብቻ የሚያውቅ በጎ ፈቃደኛ ይህን አያይም። እናንተ ታያላችሁ።

ፎቶን በተመለከተ አጭር ነገር ልበል፤ ስለ ሪያእ ብዙ ሰምታችኋልና። ሱረቱል በቀራህ ሰደቃችሁን በመመፃደቅና በማስከፋት አታበላሹ የሚል መልእክት አላት። ምግብ እየተቀበለ ያለ ሰው ፊት በስልካችሁ ስትቀርጹ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ትሠራላችሁ። የድርጅቱን ሥራ ለማስተዋወቅ ፎቶ ካስፈለገ ካርቶኑን አንሱ። እጃችሁን አንሱ። የሰውየውን ፊት ተዉት። ሙሳ አጠጥተው ወደ ጥላው ነው የሄዱት፤ በልጃገረዶቹ አጠገብ ቆመው ምስጋና አልጠበቁም። ረሃባቸውን እንኳ የነገሩት ለአላህ ነው። መልሱም ያኑ ዕለት መጣ፤ ሥራም፣ መጠለያም፣ ቤተሰብም።

ስንት ሰዓት ይበቃል ለምትሉኝ፤ አላህ ዘንድ ተወዳጁ ሥራ ቢያንስም የሚዘወተረው እንደሆነ ነቢያችን ነግረውናል። በአንድ ክረምት 75 ሰዓት አሟጦ ሠርቶ ከሚጠፋው፣ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ሰዓት የሚመጣው ለእኔ ይበልጥብኛል። ያቺ እናት በቀን መቁጠሪያዋ ላይ ቅዳሜን ትጠብቃለችና። ሁለት ጊዜ መጥቶ የሚቀር ልጅ ካልመጣው ይልቅ ይጎዳታል። ፈተና ሲደርስባችሁ ደውላችሁ «በዚህ ሳምንት አልመጣም፣ እማማ» በሉ። ዝም ብላችሁ አትጥፉ።

የምትጀምሩበት ከጠፋችሁ በዚህ ሳምንት በምትኖሩበት ሕንፃ ብቻቸውን የሚውሉ አንድ አረጋዊ ፈልጉ፤ ሙስሊም ባይሆኑም። መጀመሪያ ቤተሰባቸውን አስፈቅዱ፤ እህቶች ከእናታችሁ ወይም ከጓደኛችሁ ጋር ሂዱ። ይዛችሁት የምትሄዱት ነገር አያስፈልግም። ተቀመጡና ጠይቁ። ሬሳ ማጠብ መማር የምትፈልጉ ስማችሁንና ስልካችሁን ስጡኝ፤ ከሚያጥቡት ጋር አገናኛችኋለሁ። ጁሙዓ ከሶላት በኋላ እንደ ወትሮው ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ነኝ፤ የሚፈረም ወረቀት ባትይዙም።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ